አሮጌው የኢሜይል ሣጥን ወደ ደመና ሲዛወር



ባለፈው ሰሞን የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሆነ ወዳጄ ቡና ጠጣ ብሎ ጠራኝ። ቡናው ሳይፈላ እጄን ይዞ ወደ ደረጃው ሥር ወሰደኝና አቧራ የለበሰ ጥቁር ሣጥን አሳየኝ። ሣጥኑ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ከአጠገቡ የተሰበረ ወንበር፥ አንድ ባልዲና መጥረጊያ ተደግፈዋል። «የአርባ ሠራተኞቼ ኢሜይል ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ሰርቨር ውስጥ ነው» አለኝ። «መብራት ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ገመዱን የነቀለች ቀን ግማሽ ቀን ያለ ደብዳቤ ውለናል። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ወደ ደመና ተዛወር ይለኛል። ወንድሜ፥ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ይህ ጥያቄ የሚያስጨንቀው ወዳጄን ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱም፥ ማኅበሩም፥ ንግድ ቤቱም የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ ለርሱ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ደመና የተባለው ነገር ምንድን ነው? ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ምድር ላይ ነው። መሐንዲሶች የመገናኛ መረብን ሥዕል ሲነድፉ፥ ከእነርሱ እጅ ውጭ ያለውን ክፍል የደመና ምስል እየሳሉ ያልፉት ነበር። ስሙም ከዚያ መጣ። ደመና ማለት እንግዲህ በሌላ አገር የሚገኝ፥ የራሱ መብራትና የራሱ ጠባቂ ያለው፥ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች የተሞላ ትልቅ ቤት ነው። የእናንተ ደብዳቤ በእናንተ ደረጃ ሥር መቀመጡ ቀርቶ በዚያ ቤት ይቀመጣል፤ እናንተም ኪራይ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፖስተኛ በየቤታችን አያንኳኳም። ፖስታ ቤት ሄደን ሣጥን እንከራያለን፤ ቁልፍም ይሰጠናል። የኢሜይልም ነገር እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ደብዳቤውን ከሣጥኑ በምናወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ፖፕ3 የሚባለው የቀድሞው መንገድ እንደ ተላላኪ ያለ ነው። ተላላኪው ጧት ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፤ ያለውን ደብዳቤ ሁሉ ጠራርጎ በአንዲት ጸሓፊ ጠረጴዛ ላይ ያራግፋል። «ቅጂ ተው» ተብሎ ካልታዘዘ በቀር ሣጥኑ ባዶውን ይቀራል። አይማፕ የሚባለው ሁለተኛው መንገድ ግን ደብዳቤውን በሣጥኑ ውስጥ ትቶ፥ ከቢሮም ከቤትም ከእጅ ስልክም እንዲነበብ ያደርጋል። ደመናው ሣጥኑንም፥ ቀን መቁጠሪያውንም፥ የአድራሻ መዝገቡንም አንድ ላይ አድርጎ ያከራያል።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ዛሬ በየአድራሻችን መካከል የምናያትን ክብ ምልክት መርጦ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መልእክት የላከው በ1971 ነው። ኢንተርኔት በይፋ ወደ አገራችን የገባው በ1997 ነበር። ያን ጊዜ መስመሩ በስልክ ይደወል ስለ ነበረ፥ ደብዳቤን በፍጥነት ጠርጎ አውርዶ መስመሩን መዝጋት ብልህነት ነበር፤ ፖፕ3ም ለዚያ ዘመን ተስማሚ ሆነ። ጎግል በ2004 ጂሜይልን አወጣ፤ በ2006 ደግሞ ድርጅቶች በራሳቸው ስም የሚጠቀሙበትን አገልግሎት ጀመረ። ማይክሮሶፍት ዛሬ ማይክሮሶፍት 365 የሚባለውን በ2011 ለሕዝብ አቀረበ። እንግዲህ ዘመኑ ሲለወጥ በየድርጅቱ የቀረው የዱሮው ልማድ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። የድርጅቱ ኢሜይል በፖፕ3 እየወረደ በጸሓፊያችን ኮምፒዩተር ላይ ይከማች ነበር። አንድ ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በረታና ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ። «ግድ የለም፥ ሰርቨሩ ላይ አለ» ተባባልን። ሰርቨሩን ስንከፍተው ባዶ ነው። ተላላኪው በየቀኑ ጠራርጎ ሲያወጣ ኖሯል! የስምንት ዓመት ደብዳቤ በዚያች ሰዓት ጠፋ።

ሁላችንም ሁለት ቀን አዘንን፤ በሦስተኛው ቀን ረሳነው። ሊረሳው ያልቻለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዘበኛችን ጡረታ ሊወጡ የአገልግሎት ዘመናቸው ሲቈጠር፥ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የተዛወሩበት ማስረጃ አልተገኘም። ዝውውሩ የተጻፈው በኢሜይል ብቻ ነበር። የአራት ዓመት አገልግሎታቸው ተንጠለጠለ። አባባ በየሳምንቱ ኮታቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ እኛም «ነገ» እንላቸዋለን። አንድ ቀን ወንበር ብንሰጣቸው አልቀመጥም አሉና «ልጆቼ፥ እኔ በር ስጠብቅ አንድ ዕቃ ጠፍቶብኝ ያውቃል?» ብለው ጠየቁን። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ የተገኘው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሥራ የለቀቀች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ያን ደብዳቤ አትማ በቤቷ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። አባባን ያዳናቸው የእኛ ጥንቃቄ ሳይሆን የርሷ መሳቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢሜይል ሲባል ለእኔ የወሬ መለዋወጫ ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራ የሚቀመጥበት ማኅደር ነው።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ልሂድ ወይስ ልቅር? መልሴ «ሂድ፤ ነገር ግን እየሮጥህ አትታጠቅ» የሚል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ሂድ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ከደረጃው ሥር ያለው ሰርቨር ጠባቂ ይፈልጋል። በማርች 2021 ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በተባለው የኢሜይል ሰርቨር ላይ ክፍተት መገኘቱ ተገለጠ፤ ክፍተቱን በጊዜ ያልደፈኑ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ድርጅቶች ተደፈሩ። የ2016 እና የ2019 ኤክስቼንጅ መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ድጋፉ ያበቃ ሰርቨር ቁልፉ እንደ ተሰበረ በር ነው፤ ሌባው ገና አልመጣም እንጂ በሩ ክፍት ነው። በየወሩ መጠገኛውን የሚጭን፥ ሌሊት የሚቈጣጠር ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ያለው ድርጅት ጥቂት ነው።

እንግዲህ መዛወሩ እንደ ቤት መልቀቅ ነው። ዕቃውን የሚያስር፥ የሚቈጥር፥ አዲሱን ቤት የሚጠርግ፥ የቀድሞውን ቤት ተመልሶ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ስማችሁ የማን እንደ ሆነ አረጋግጡ። ከአድራሻችሁ ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈው የድርጅቱ ስም በአንድ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል። ያንን መዝገብ የሚከፍተው የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? በብዙ ቦታ ድርጅቱን ከዓመታት በፊት ለቆ በሄደ ልጅ የግል አድራሻ ተመዝግቦ ይገኛል። ስሙ በእጃችሁ ካልገባ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። አስቀድማችሁ ልጁን ፈልጉት፤ ቡናም ጋብዙት።

ሁለተኛ፥ ሣጥኖቹን ቍጠሩ። አርባ ሠራተኛ አለን ብላችሁ አርባ ሣጥን ይኖራል ብላችሁ አታስቡ። ጡረታ የወጡት፥ የሞቱት፥ የተዛወሩት ሣጥን አለ። የመዝገብ ቤቱ፥ የግዢ ክፍሉ፥ የማስታወቂያው የጋራ አድራሻም አለ። እያንዳንዱን ጻፉና በአጠገቡ «ባለቤቱ ማን ነው? ስንት ጊጋባይት ነው? ለማን ይቀጥላል?» ብላችሁ መልሱን ሙሉ። የለቀቀ ሰው ሣጥን ነው ብላችሁ አትሰርዙ። የአባባ ደብዳቤ የነበረው እንደዚህ ባለ ሣጥን ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፥ በየጠረጴዛው ዙሩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው፥ ብዙ ሰውም የሚያለቅስበት ነው። ከሰርቨር ወደ ደመና የሚገለብጠው መሣሪያ የሚያየው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሠራተኛው ሣጥኔ ሞላ ብሎ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያከማቸውን ፋይል አያየውም። በአውትሉክ የሚሠሩ ሰዎች ፒኤስቲ በሚባል ፋይል የዓመታት ደብዳቤ ያስቀምጣሉ። ያ ፋይል በቀድሞው ዓይነቱ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር፤ ሲሞላም ይበላሽ ነበር። እያንዳንዱን ሰው «ከ2015 በፊት የነበረ ደብዳቤህን አሳየኝ» በሉት። የሚከፍትበት ቦታ እውነቱን ይነግራችኋል።

አራተኛ፥ የመንገዱን ርዝመት አስሉ። አርባ ሰው እያንዳንዱ 5 ጊጋባይት ቢኖረው በድምሩ 200 ጊጋባይት ይሆናል። መስመራችሁ ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ፥ ያለ አንዳች መቋረጥ ቢሠራ እንኳ 44 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ 111 ሰዓት፥ ማለት አራት ቀን ተኩል አልፎ ይሄዳል። መብራትና መስመር በሚቋረጥበት ቦታ ይህን በሁለትና በሦስት አባዙት። ስለዚህ ሥራውን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ዋናው ጓዝ በየሌሊቱ ቀስ እያለ ይገልበጥ፤ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ለመጨረሻው ቀን የሚቀረው የመጨረሻዎቹ ቀናት ደብዳቤ ብቻ ይሁን።

በአይማፕ የሚገለበጠው ደብዳቤውና ማኅደሩ ብቻ እንደ ሆነም እወቁ። ቀን መቁጠሪያውና የአድራሻ መዝገቡ በዚያ መንገድ አይሄዱም፤ ለብቻ ወጥተው ለብቻ መግባት አለባቸው። ይህን የረሳ ድርጅት ሰኞ ጧት የደንበኞቹን አድራሻ ሁሉ አጥቶ ይነሣል።

አምስተኛ፥ አቅጣጫ ጠቋሚውን አዙሩ። በድርጅታችሁ ስም መዝገብ ላይ ኤምኤክስ የሚባል መስመር አለ። የዓለም ፖስተኛ ሁሉ «የእነዚህ ሰዎች ሣጥን የት ነው?» ብሎ የሚያነብበው እርሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያነበበውን እስከ 86,400 ሰከንድ፥ ማለት አንድ ሙሉ ቀን ድረስ እንዲያስታውስ ታዝዟል። ስለዚህ ከዝውውሩ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ይህን ቍጥር ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። ያን ጊዜ መስመሩን ስታዞሩ ፖስተኛው በደቂቃዎች ውስጥ አዲሱን ቤት ያገኘዋል። እንዲያም ሆኖ የቀድሞውን ሰርቨር ወዲያው አታጥፉት። መንገድ የጠፋው ደብዳቤ ወደርሱ ቢመጣ የሚቀበለው ይኑር፤ ቢያንስ አንድ ወር ይቈይ።

ስድስተኛ፥ ማኅተማችሁን አሠሩ። ኤስፒኤፍ፥ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት ማስረጃዎች አሉ። የመጀመሪያው በስማችሁ ደብዳቤ ለመላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው በደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው፤ ሦስተኛው ማኅተሙ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚል ትእዛዝ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጎግልና ያሁ እነዚህን አጥብቀው መጠየቅ ጀምረዋል። ያለ ማኅተም የተላከ ደብዳቤ ወይ ይመለሳል፥ ወይ ከቆሻሻው ጋር ይጣላል። አንድ ስሕተት ግን በብዙ ቦታ ይደጋገማል፤ የቀድሞውን የኤስፒኤፍ መስመር ሳያነሡ አዲስ መጨመር። ለአንድ ስም የሚፈቀደው አንድ መስመር ብቻ ነውና ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ።

ሰባተኛ፥ ሰው ያልሆኑትን ላኪዎች አትርሱ። ወረቀት አንብባ በኢሜይል የምትልከው የፎቶ ኮፒ መኪና፥ ደረሰኝ የሚልከው የሒሳብ ፕሮግራም፥ የጥበቃ ካሜራው፥ ሁሉም የቀድሞውን ሰርቨር አድራሻና የይለፍ ቃል በሆዳቸው ይዘዋል። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በፖፕና በአይማፕ በኩል በስምና በይለፍ ቃል ብቻ መግባትን መከልከል ስለ ጀመረ፥ አሮጌ መሣሪያና አሮጌ ስልክ ሁሉ በቀላሉ አይገባም። ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ያዙ።

ስምንተኛ፥ ሠራተኛውን አስተምሩ። በዝውውሩ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው በወረቀት ላይ አዲሱ መግቢያ፥ አዲሱ የይለፍ ቃልና ችግር ሲገጥም የሚደወልበት ስልክ ይሰጠው። ከይለፍ ቃሉ ሌላ በእጅ ስልክ የሚረጋገጥ ሁለተኛ ቁልፍም አድርጉ። ደመናው በዓለም ፊት የቆመ በር ነውና፥ አንድ ቁልፍ ብቻ አይበቃውም። ለሹሙም ለተላላኪውም አንድ ዓይነት ይሁን። «እኔ አለቃ ነኝ፥ አያስፈልገኝም» የሚል ሹም ቢኖር፥ ሌባ አስቀድሞ የሚፈልገው የእርሱን ሣጥን እንደ ሆነ በአክብሮት ንገሩት።

አሁን ደግሞ ደመናው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሻጭ ገበያ ላይ የላሟን ወተት እንጂ እርግጫዋን አያወራም።

ኪራዩ የሚቈጠረው በየሰው ራስና በየወሩ ነው፤ ዋጋውም የሚተመነው በዶላር ነው። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በነጻ ነው የተባለውንም በጥንቃቄ ተመልከቱት። ጎግል ለትንንሽ ድርጅቶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት በዲሴምበር 2012 ለአዲስ ገቢዎች ዘጋ፤ በ2022 ደግሞ በነጻ የቈዩትን የንግድ ድርጅቶች ክፈሉ አላቸው። ነጻ ነው ብሎ የገባ መውጫውን ይወቅ። ከመግባታችሁ በፊት «ልለቅ ብል ደብዳቤዬን ሁሉ ይዤ የምወጣበት መንገድ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

መስመሩም ይቋረጣል። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል በአገራችን ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ የነበረ ድርጅት ቢያንስ እርስ በርሱ ይጻጻፍ ነበር፤ ሣጥኑ በደመና ያለ ግን ከአጠገቡ ጠረጴዛ ጋር እንኳ በኢሜይል መገናኘት አይችልም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ሠራተኞች በኮምፒዩተራቸው ላይ የደብዳቤያቸው ቅጂ እንዲኖር አድርጉ። የሚያነብቡት ቢያንስ አይጠፋባቸውም።

ሕጉንም አትርሱ። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰው የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታ የሚደነግጋቸው አንቀጾች አሉት። የሕሙማን ካርድ፥ የተማሪ ውጤት፥ የሠራተኛ ማኅደር በኢሜይል የሚመላለስባችሁ ከሆነ፥ ከመዛወራችሁ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ደመናው ከስርዝ አያድናችሁም። እናንተ ሰርዝ ካላችሁት ይሰርዛል። በጂሜይል ወደ ቅርጫት የተጣለ ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። በማይክሮሶፍት ዘንድ አንድ ሠራተኛ ለቀቀ ብላችሁ መለያውን ብትሰርዙ ሣጥኑ በአብዛኛው 30 ቀን ይታገሣችኋል፤ ጎግል ደግሞ 20 ቀን። ከዚያ በኋላ ልቅሶ ብቻ ነው። የወር ኪራይ ለማዳን የጡረተኛውን ሣጥን የሚሰርዝ ድርጅት አተርፍ ባይ አጉዳይ ነው። አስቀድሞ ወደ ጋራ ሣጥን መለወጥ፥ ወይም ቅጂውን አውጥቶ በሌላ ቦታ ማኖር ይቻላል። በዓመት አንድ ጊዜም ከደመናው ውጭ ሙሉ ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንድ ደብዳቤም ከቅጂው መልሳችሁ በማውጣት ፈትኑት። ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው ቡናው በረካ ደርሶ ነበር። ማስታወሻ ይይዝ የነበረበትን ወረቀት አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተና «ታዲያ ነገ ጧት በምን ልጀምር?» አለኝ። እኔም «በሰርቨሩ አትጀምር፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡትን ሠራተኞችህን ስም ጻፍ፥ የእነርሱን ደብዳቤ አስቀድመህ ፈልግ» አልሁት።

እናንተም ውድ አንባቢዎች፥ ነገ ወደ ቢሮ ስትገቡ በሩ ላይ ሰላም የሚሏችሁን ሰው አስተውሉ። የእርሳቸው ማስረጃ የት ሣጥን ውስጥ እንዳለ የምታውቁ ከሆነ ለመዛወር ተዘጋጅታችኋል። የማታውቁ ከሆነ ግን ዕቃ ማሰሩን ለጊዜው አቁሙና መፈለግ ጀምሩ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።